ጎግል ላይ አለ፤ ምን ያሳስባል!

ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው ጀልዴሳ በግመል ዘመን ትልቅ ስም ነበራት። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ያርፍባት፣ ቀረጥ ይከፍልባት ነበር። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እሷን ትቶ ድሬዳዋ ሲደርስ ግን ጀልዴሳን ያማከራት አልነበረም፤ ገበያው ባቡሩን ተከትሎ ሄደ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሀብቱን በሙሉ ለአንድ መስመር ለመስጠት ጥቂት ያመነታ ይሆናል። ደግነቱ የዘመኑ ሰው ማመንታት አያውቅም።

የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሠርጉ ፎቶ፣ የሱቁ ሒሳብ የት ተቀምጧል ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ጎግል ላይ አለ።» ሃርድ ዲስክ መግዛትማ የፈሪ ወጪ ነው። የክላውዱ፣ የዚህ የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ታዛዥነት ደግሞ! ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ላይ በስህተት ያጠፋውን ፋይል እሱም ለምን ሳይል ያጠፋለታል፤ ጎግል ድራይቭ ለወጉ ያህል ቅርጫቱ ውስጥ 30 ቀን አቆይቶ ይሸኘዋል። ቫይረስ ፋይሉን ቢቆልፈውም የተቆለፈውን ወዲያው ሽቅብ ይጭነዋል።

በሰኔ 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ፣ ፋይሉን ምንም አልነካውም። በሰው አገር ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ደልቶት ተቀምጦ ነበር። ያላየው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ነጻ መሆኑስ? ጎግል ፎቶስ «ያለ ገደብ» ያለውን ስጦታ በግንቦት 2013 አቁሞ ከዚያ ወዲህ የሚጫነውን ሁሉ 15 ጊጋባይት ውስጥ ሰብስቦታል። ሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንትም ሊሰረዝ ይችላል።

በዚህ እምነት ግን ደቡብ ኮሪያን የሚያህል የለም። የመንግሥት ሠራተኞቿ ሰነዳቸውን በየኮምፒውተራቸው ከማኖር ይልቅ «ጂ ድራይቭ» በሚባለው የመንግሥት ክላውድ እንዲያስቀምጡ ተደረገ። መስከረም 16 ቀን 2018 በዴጆን የሚገኘው የመረጃ ማዕከል በባትሪ ምክንያት በእሳት ተያያዘ፤ 858 ቴራባይት ወደመ። ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበረው ለምንድን ነው ቢባል፣ መረጃው በጣም ስለበዛ! ትንሽ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ማለት ነው።

አውስትራሊያዊው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር ግን ፈሪ ነው። በ2016 ጎግል ክላውድ በራሱ የአሠራር ስህተት የፈንዱን የግል ክላውድ ሲሰርዝበት፣ ከ600 ሺህ በላይ አባላት ያሉት ይህ ድርጅት ሌላ ኩባንያ ዘንድ ባስቀመጠው ቅጂ ነፍስ ዘራ። ምን ዓይነት አለመተማመን ነው!

እርግጥ ሃርድ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ የሚያስተኛውም ከዚህ አይሻልም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ቤትን ከነዕቃው ነው የጠረገው። ለዚህ ክላውድ ይጠቅማል፤ ከቤት የራቀ አንድ ቅጂ ነውና። ፎቶ አንሺዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚሉት ለዚህ ነው።

«ጎግል ላይ አለ» ባዩ ግን ሦስት ቁጥር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ፓስዎርዱ ነው፤ እሱንም ረስቶታል። የማረጋገጫ ኮዱ ደግሞ የሚላከው ድሮ በጣለው ሲም ላይ ነው።