ባንዳው ሁልጊዜ የሌላ ሰው አያት ነው

«ናዚ በነገሠበት አገር ሳቅ ምን ይሠራል? በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው!»

እንጨቱን የሰደዱትማ ሌሎች ናቸው፤ ስለዚያ ዘመን የተሠሩት አስቂኝ ፊልሞች የሰደደውን እጅ አሳዩን እንጂ።

«ቻፕሊን እንኳ የናዚ ማጎሪያ ካምፖችን ጉድ ቢያውቅ ኖሮ ‹ታላቁ አምባገነን› የተባለውን ፊልሙን እንደማይሠራው ጽፏል!»

ጽፏል። በ1940 እ.ኤ.አ. ሲሠራው አላወቀም ነበር። ያን ካዳር ግን ከኤልማር ክሎስ ጋር «የዋናው መንገድ ሱቅ»ን በ1965 የሠራው አውቆ ነው፤ ወላጆቹና እህቱ አውሽዊትዝ ተገድለውበታል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ለሐዘንተኛው የለቅሶ ሥርዓት የሚያስተምር ማን ነው? ጥርስ ባዳ ነው፤ ልብ ሲደማም ይስቃል።

«ታዲያ የሚያስቀው ምኑ ነው?»

ቶኖ ነዋ! ዘመኑ 1942፣ አገሩ የሂትለር ጥገኛ የነበረችው ስሎቫኪያ። ቶኖ ድሃ አናጢ ነው። የሚስቱ እህት ባል የሰፈሩ ፋሺስቶች አለቃ ነውና ሹመት ያመጣለታል፦ የአይሁዳዊቷ መበለት የወይዘሮ ላውትማኖቫ የልብስ ቁልፍና ክር ሱቅ ያንተ ነው። ቶኖ ሀብት አገኘሁ ብሎ ሲገባ ሱቁ ከስሯል። አሮጊቷ ጆሯቸው አይሰማም፤ ጦርነት መኖሩንም አያውቁም። የሹመት ወረቀቱን ቢያሳያቸው ሥራ ሊያግዛቸው የመጣ ይመስላቸዋል። ያበሉታል፤ የሟች ባላቸውን ሙሉ ልብስ ያለብሱታል። የከተማው አይሁድ ደግሞ የባሰ ሰው እንዳይሾምባቸው ብለው ለቶኖ ደመወዝ ይቆርጡለታል። ሊወርስ የመጣው ተጧሪ ሆኖ ቁጭ አለ!

«ይሄማ የሞቱትን ማቃለል ነው!»

በሟች የሳቀ የለም። የሳቅነው በቶኖ ነው፤ እየሳቅንም ወደድነው። አይሁዱ አደባባይ ተሰብስበው የሚጋዙበት ቀን ሲመጣ ግን ቶኖ ይሰክራል፤ ይፈራል። አንዴ «ውጪ!» አንዴ «ተደበቂ!» እያለ አሮጊቷን ገፍትሮ ዕቃ ክፍል ይከታቸዋል። እዚያው ይሞታሉ፤ እሱም ራሱን ይሰቅላል። አውሬ ቢሆን ኖሮ «እኔን አይመስልም» ብለን በወጣን ነበር። ስንስቅለት ቆይተን ግን ወዴት እናመልጣለን?

«ሰው ምን ያድርግ? ሁሉም ለእንጀራው ነው!»

ሁሉም አይደለም። በያን ኽርዤቤይክ የ2000 የቼክ ፊልም ውስጥ ዮሴፍና ማሪ አይሁዳዊውን ዳቪድን ጓዳቸው ደብቀውታል። የናዚ ሹም በደባልነት እንዳይገባባቸው ማሪ «አርግዣለሁ» ትላለች፤ ባሏ ደግሞ መካን ነው። ዳቪድን እንዲያስረግዝለት የሚለምነው ራሱ ባልየው ነው! ጎረቤታቸው ሺማቼክ ግን ዳቪድን መንገድ ላይ ባየው ጊዜ ለጀርመኖች ሊያስይዘው የጮኸ ሰው ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ያው ሺማቼክ አርበኛ ሆኖ ብቅ ይላል።

«ለእኛ ምናችን ነው?»

የሂትለር አጋር ሙሶሎኒ አምስት ዓመት አገራችንን ይዞ ነበር። ባንዳ ማን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገንም። ነገር ግን ባንዳው ሁልጊዜ የሌላ ሰው አያት ነው። መርገሙ ቀሏል፤ እንዴት ባንዳ እንደሆነ መጠየቁ ነው የከበደን። ሰውየው በየትኛው ጠዋት፣ በየትኛው ደመወዝ እሺ እንዳለ እንዲህ ያለ ፊልም ያሳያል።

«በሳቅ የሚገኝ ቁም ነገር የለም!»

እንግዲያው ሳቅ የሌለበትን እንካችሁ። የስሎቫኪያ መንግሥት በአንድ ሰው 500 ማርክ ለጀርመን ሊከፍል ተስማምቶ፣ በ1942 ብቻ 58,000 ያህል አይሁድ አስረክቧል። ያን ሁሉ ሰው ሂትለር ብቻውን ከቤቱ አላወጣም፤ ስም የመዘገበ፣ በር ያንኳኳ፣ ሱቅ የወረሰ ጎረቤት ነበር። «የዋናው መንገድ ሱቅ»ን ፈልጋችሁ እዩ፤ ልጆቻችሁንም አሳዩ። ሲያስቃችሁ ሳቁ፤ ሲያበቃ ግን በቶኖ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ሹመቱ ለእናንተ ቢመጣ ምን እንደምትመልሱ ተነጋገሩ።