የ«400» ባዮች እሮሮ

ስለ ዌብ ሰርቨር ሲወራ ስለ ፍጥነቱ ይወራል፤ ስንት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚያስተናግድ ይወራል። የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ ባይት በባይት ስለሚያነበው ስለ ፓርሰሩ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ስሙ የሚነሳው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው፤ ያኔም የሚነሳው በእርግማን ነው። እኛ ደግሞ ያንን ኮድ፣ ያውም ደመወዝ በሌለው ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ውስጥ፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የምንጠግን ሰዎች ነን። ዛሬ ትንሽ ብናማርር አይፈረድብንም።

ከሩቅ ሲያዩት ሥራው ቀላል ነው። ብራውዘሩ አንድ መስመር ይልካል፤ መጀመሪያ «ጌት» ወይም «ፖስት»፣ ቀጥሎ የገጹ አድራሻ፣ መጨረሻ ላይ የፕሮቶኮሉ ቁጥር። ከሥሩ ሄደሮች ይደረደራሉ፣ ባዶ መስመር ይከተላል፣ አለቀ። «ይህማ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው» ይላል አዲስ የመጣ ሁሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ቲም በርነርስ-ሊ የጻፉት የመጀመሪያው ኤችቲቲፒ በእርግጥም ከዚያ አያልፍም ነበር፤ ሄደር የለው፣ የስሪት ቁጥር የለው፣ «ጌት» እና አድራሻ ብቻ። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ደንቡ በ1996 ተጻፈ፣ በ1997 ተሻሻለ፣ በ1999 እንደገና፣ በ2014 እንደገና፣ በ2022 ደግሞ አርኤፍሲ 9112 ተብሎ እንደገና። ሰነዱ ታደሰ እንጂ በየቤቱ ያለው አሮጌ ፕሮግራም አብሮ አልታደሰም። የአፓቼ ሰርቨር «አትቀበል» ተብሎ ካልታዘዘ በስተቀር ያንን የ1991ዱን ባለ አንድ መስመር ጥያቄ ዛሬም ይቀበላል። አሮጌውን ጣል ቢሉን ማን ደፍሮ ይጥላል? በጣልን ማግስት «የፋብሪካችን ማሽን ቆመ» የሚል መልእክት እንደሚመጣ እናውቃለና።

ደግሞ ጥያቄው በአንድ ጊዜ አይመጣም። ባይቶቹን የሚያጓጉዘው ቲሲፒ በቅደም ተከተላቸው አደርሳለሁ አለ እንጂ አንድ ላይ አደርሳለሁ አላለም። የ«ጌት» የመጀመሪያዋ ፊደል አሁን መጥታ ቀሪዎቹ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ቢደርሱ ፓርሰሩ ቅር ሊለው አይገባም። በየትኛዋም ባይት ላይ መቆም፣ የት እንደቆመ ማስታወስ፣ ቀሪው ሲደርስ ካቆመበት መቀጠል አለበት። ታዲያ እስከ መቼ ይጠብቅ? በ2009 የወጣው ስሎውሎሪስ የተባለ ማጥቂያ ይህችኑ ትዕግሥት ተጠቅሞ ሄደሮችን ቀስ እያለ እያንጠባጠበ ሰርቨሮችን አስሮ ይዟል። የጥበቃውን ጊዜ ብናሳጥረው ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለው ምስኪን ይቆረጥና ይወቅሰናል። ብናረዝመው አጥቂው ያመሰግነናል።

ዋናው እሮሮ ግን ሌላ ነው። ጆን ፖስቴል በ1980 ባዘጋጁት የቲሲፒ ሰነድ ላይ አንድ ምክር አስፍረው ነበር፦ ስትልክ ተጠንቀቅ፣ ስትቀበል ግን ቸር ሁን የሚል መንፈስ ያለው። ኢንተርኔት ያደገው በዚህ ቸርነት ነው፤ አይካድም። መስመር የሚዘጋው በሁለት ምልክት፣ በሲአር እና በኤልኤፍ፣ ነው ይላል ደንቡ፤ ሰነፉ ፕሮግራም ግን ኤልኤፍ ብቻ ይልካል፤ እሺ፣ ተቀበልነው። አሮጌ ብራውዘሮች ከ«ፖስት» በኋላ ትርፍ ባዶ መስመር ይጨምሩ ነበር፤ እሺ፣ አለፍነው። አንዱ ሄደሩን ሰብሮ በሚቀጥለው መስመር በስፔስ ይጀምራል፤ እሺ፣ ቀጠልንለት። ሌላው በሄደሩ ስምና በሁለት ነጥቧ (:) መካከል ስፔስ ይጥላል። «ምን ችግር አለው፣ አንዲት ስፔስ ናት!» ተባልን።

ያቺ አንዲት ስፔስ ምን እንደምትሠራ እንይ። ዛሬ አብዛኛው ሰርቨር ብቻውን አይቆምም፤ ከፊቱ ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፍለት ፕሮክሲ አለ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ የብዙ ሰው ጥያቄ ተራ በተራ የሚያልፍበት አንድ የጋራ መስመር አለ። አንድ ጥያቄ የት ላይ እንዳለቀ የሚታወቀው በሁለት መንገድ ነው፦ ወይ «ኮንተንት-ሌንግዝ» ርዝመቱን በቁጥር ይናገራል፣ ወይ «ትራንስፈር-ኢንኮዲንግ» መልእክቱ በቁርጥራጭ እንደሚመጣ ያስታውቃል። ተንኮለኛው ሁለቱንም ይልክና በሁለተኛው ስም መጨረሻ ላይ ያቺን ስፔስ ያስገባል። ፊተኛው «እንዲህ ያለ ሄደር አላውቅም» ብሎ በቁጥሩ ያምናል። ቸሩ ኋለኛ ስፔሷን ቆርጦ ይጥልና በቁርጥራጩ ያምናል። ጥያቄው የት አለቀ በሚለው ላይ ተለያዩ ማለት ነው። የተረፈው ጭራ መስመሩ ላይ ይቀርና ቀጥሎ በሚመጣው ሰው ጥያቄ ራስ ላይ ይለጠፋል። ያ ሰው ባላዘዘው ትእዛዝ፣ በራሱ የመግቢያ መለያ፣ የሌላ ሰው ሥራ ይሠራለታል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የዋችፋየር ተመራማሪዎች በ2005 በጽሑፍ አስጠንቅቀውበታል፤ የደኅንነት ተመራማሪው ጄምስ ኬትል በ2019 እንደገና አንስተው ትልልቅ ድረ ገጾች ላይ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ደንቡም አሁን ቁርጥ ያለ ነው፦ ከሁለት ነጥቧ በፊት ስፔስ ያለበትን ጥያቄ ሰርቨሩ 400፣ ማለትም «የተበላሸ ጥያቄ»፣ ብሎ መመለስ ግዴታው ነው፤ ሁለቱ የርዝመት ሄደሮች አብረው ከመጡም ወይ ይመልሰው፣ ወይ በትራንስፈር-ኢንኮዲንጉ ብቻ ይመራ፤ ያም ሆነ ይህ ከመለሰ በኋላ ግንኙነቱን ይዝጋ። ያጎረስንበት እጅ እንዲህ ተነከሰ።

እናም ማጥበቅ ጀመርን። አፓቼ በ2016 መጨረሻ በ2.4.25 ላይ ደንቡን አጥብቆ የሚያስከብር ምርጫ አምጥቶ እሱኑ ነባሪ አደረገው፤ ለማይስማማው ደግሞ «አንሴፍ» (አስተማማኝ ያልሆነ) የሚባል፣ ስሙ ራሱ የሚያስጠነቅቅ፣ ማላሊያ ተወለት። በዚያው ሰሞን የቶምካት ሰርቨር በአድራሻ ውስጥ የማይፈቀዱ ምልክቶችን፣ እንደ ቀጥ ያለች መስመርና ጥምዝ ቅንፍ ያሉትን፣ አልቀበልም አለ። አቤት የወረደበት የወቀሳ ዶፍ! ትናንት ሲሠራ የነበረ ዛሬ ለምን ቆመ፣ ማን ሥልጣን ሰጣችሁ፣ ደንበኞቻችንን አስቀየማችሁ። ምልክቱን በትክክል ቀይሮ መላክ የነበረበት ፕሮግራም ማን እንደጻፈው የጠየቀ የለም። በመጨረሻ ምልክቶቹን መልሶ የሚፈቅድ ማዞሪያ ተጨመረ። አንድ ማዞሪያ በተጨመረ ቁጥር ደግሞ የሚፈተነው የኮድ መንገድ በእጥፍ ያድጋል፤ ያንን የሚፈትነው ማን ይሆን?

የአማርኛ ጸሐፊም ከዚህ ጣጣ አያመልጥም። በአድራሻ ውስጥ ፊደላችን እንዳለ አይሄድም፤ አንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት ሲላክ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት አኃዝ፣ በድምሩ ሦስት ምልክት ይሆናል። ስለዚህ አንዷ «አ» ዘጠኝ ምልክት ትወስዳለች፤ «አዲስ አበባ» ከነመሃል ስፔሷ 57። በአፓቼ የጥያቄው የመጀመሪያ መስመር ነባሪ ጣሪያ 8190 ባይት ነው፤ ለእንግሊዝኛው ስምንት ሺህ ፊደል የሚበቃው ቦታ ለእኛ ከዘጠኝ መቶ ብዙም አያልፍም። ረጅም ጽሑፍ በአድራሻ በኩል የሚልክ ፎርም የሠራ ፕሮግራመር 414፣ ማለትም «አድራሻው ረዝሟል»፣ ሲመለስለት የሚያማርረው ፓርሰሩን ነው፤ በ«ፖስት» መላክ እያለለት። ፊደሉን ጨርሶ ሳይቀይር በጥሬው የሚልክም አለ። ልቅ ሰርቨር ያሳልፍለታል፣ ጥብቅ ሰርቨር ይመልስበታል፤ ከዚያ «ሰርቨሩ አማርኛ አይችልም» ይባላል።

የስህተት ሪፖርቱን ተዉት። አንዱ መጥቶ «ሰርቨራችሁ ተበላሽቷል፣ ሎጉ በማይነበብ ነገር ተሞልቷል» ይላል። እናያለን፤ በሄክስ 16፣ 03፣ 01 ተብሎ የሚጀምር ነገር ነው። ይህ የተመሰጠረ ግንኙነት ሲከፈት የሚላክ ሰላምታ ነው፤ ሰውዬው በኤችቲቲፒኤስ መሄድ ያለበትን ጥያቄ ወደ ተራው ፖርት ልኮታል። ፓርሰሩ «ጌት» ሲጠብቅ ይህ ከመጣበት ምን ይበል? ሌላው «ሄደሬ ጠፋ» ይላል፤ የሄደሩ ስም ውስጥ ሥረ ሰረዝ አለ። የኤንጂንኤክስ ሰርቨር እንዲህ ያለውን ሄደር ካልታዘዘ በስተቀር ዝም ብሎ ይጥላል፤ ምክንያቱም በሲጂአይ አሠራር ተራው ሰረዝም ሥረ ሰረዙም ወደ አንድ ዓይነት ስም ስለሚለወጡ አንዱ በሌላው ስም ሊያጭበረብር ይችላል። በሰነዱ ላይ ተጽፏል። ማን ያነባል! ሦስተኛው ደግሞ የብራውዘሩን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ይልካል። ባይት ስንጠይቀው ፎቶ።

ላሻሽል ብሎ የሚመጣውም ያው ነው። የፓርሰር ኮድ ውብ አይደለም። ኤንጂንኤክስ ውስጥ የ«ጌት» ሦስት ፊደላትና ተከትላ የምትመጣው ስፔስ እንደ አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ተቆጥረው በአንድ ጊዜ ይነጻጸራሉ፤ ያም የሚሆነው የፕሮሰሰሩ የባይት አቀማመጥ ሲፈቅድ ነው፤ ካልሆነ ፊደል በፊደል የሚያይ ሌላ መንገድ አለ። ይህን ያየ ጎረምሳ «አጽድቼላችኋለሁ» ብሎ አንድ ሺህ መስመር ለውጥ ይልካል፤ ፈተና አንድም አልጨመረም። የኖድ ጄኤስን ታሪክ ቢያነብ ይማርበት ነበር። የቀድሞ ፓርሰሩ መነሻ የኤንጂንኤክስ ኮድ ነበር፤ ኮዱን ለማሻሻል በየጊዜው የተሞከረው ሁሉ ፍጥነቱን ክፉኛ እየቀነሰ ከሸፈ። በመጨረሻ በ2019 ከኖድ 12 ጋር ኮዱ ከሌላ መግለጫ በሚመነጨው በኤልኤልኤችቲቲፒ ተተካ። «በራስት ቋንቋ እንደገና ጻፉት» ማለትማ ምን ይከብዳል? አፍ አይከፈልበት። የሠላሳ ዓመት የተዛቡ ፕሮግራሞችን ጠባይ የሚያውቀው ያ አስቀያሚ ኮድ መሆኑን ግን ማን ልብ ይበል።

አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ የደኅንነት ሪፖርት መጥቶብናል። በአማርኛ ቢባል «ያማረ ባዶ» ነው፤ ርእስ አለው፣ የአደጋ ደረጃ አለው፣ በኮዱ ውስጥ የሌለ ፋንክሽን ይጠቅሳል። የከርል ፕሮጀክት መሪ ዳንኤል ስቴንበርግ በዚህ ጉዳይ በአደባባይ አማርረዋል፤ እንባቸው እንባችን ነው። ሳናነብ እንዳንጥለው ደግሞ ያለፈው አይለቀንም። በ2002 አፓቼ፣ በ2013 ኤንጂንኤክስ፣ ሁለቱም የቁርጥራጩን መጠን የሚናገረውን ቁጥር ሲያነቡ በጣም ትልቁን ቁጥር እንደ አሉታዊ ቁጥር በመውሰዳቸው አደገኛ ቀዳዳ ተገኝቶባቸዋል። ከመቶ ባዶ ሪፖርት መሃል እንዲህ ያለው አንዱ ይኖራልና ሁሉንም እናነባለን፤ እንቅልፋችን በዚያ ያልቃል።

«ግድ የለም፣ ኤችቲቲፒ 2 መጥቷል» ብለው የሚያጽናኑንም አሉ። በ2015 መጣ፣ ተመስገን፤ ሦስተኛውም በ2022 ጸድቋል። በአዲሱ የተቀበለው ፕሮክሲ ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ወደ አሮጌው 1.1 ተርጉሞ ነው ወደ ኋላ የሚልከው። አልሸሹም ዞር አሉ። ትርጉሙ ራሱ አዲስ የማምታቻ በር ከፍቷል፤ ኋላ ቆሞ የሚቀበለውም ያው የእኛው ፓርሰር ነው።

ስለዚህ ፍርዳችን ይኸው፦ የማይገባንን ጥያቄ እየገመትን አናነብም። ግምት ያተረፈልን ቀዳዳ ነው። ደንቡን የሳተውን 400 ብለን እንመልሳለን፣ ግንኙነቱንም እንዘጋለን። ልቅ ማዞሪያ የምትጠይቁን፣ ማዞሪያውን ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን ፕሮግራም አስተካክሉ፤ ብዙ ጊዜ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ሪፖርት ስትልኩ የተላከውን ጥሬ ባይት፣ የሰርቨሩን ስሪት፣ ከፊቱ ያለውን የፕሮክሲ ዓይነት አብራችሁ ላኩ። በዚህ ሰርቨር ገንዘብ የምታገኙ ድርጅቶች ደግሞ አንድ ሠራተኛችሁ በሳምንት አንድ ቀን ፈተና እንዲጽፍልን ፍቀዱለት፤ ከምስጋና ይልቅ እሱ ይጠቅመናል። ፓርሰሩ 400 ሲላችሁም መጀመሪያ የላካችሁትን አንብቡ፤ ስድቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።