የአርባ ስምንት ሰዓትን ርዝመት ለመወሰን የወጣ አዋጅ

ሞአ ሰዓት ዘእምነገደ ቀጠሮ፣ ሥዩመ መዝገብ፣ የጣቢያዎች ሁሉ ጠባቂ። የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት ይቅረብ ብሎ የደነገገ ስለ ሆነ፤ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ ያጸና ስለ ሆነ፤ ሥርዓተ መንግሥቱ ሁለት ጊዜ ከሥሩ ተነቅሎ ቢለወጥም ቅሉ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጹ ያችኑ ቊጥር ሳይጨምር ሳይቀንስ መልሶ የጻፋት ስለ ሆነ፤ ንጉሥ ሲወርድ፣ ደርግ ሲወድቅ ያልወደቀችው ይህች ቊጥር ምን ያህል ርዝመት እንዳላት ግን እስከ ዛሬ የለካ ስላልተገኘ፤ እነሆ እኛ ለሕዝባችን ካለን ርኅራኄ የተነሣ ጉድለቱን ልንሞላ ወደድን።

የጥንት ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ዕለትን በ60 ኬክሮስ ከፍለው ጾምና በዓልን ሳያፋልሱ ያወጡ እንደ ነበር አይካድም፤ ነገር ግን በዘመናቸው ፖሊስ ጣቢያ ስላልነበረ ሐሳባቸው ጐዶሎ ሆኗል። እምይእዜሰ ሰዓት የሚቈጠረው ሰውየው ከተያዘበት ጊዜ አንሥቶ ሳይሆን መያዙ በመዝገብ ከሰፈረበት ጊዜ ነው፤ መዝገቡም መርማሪው ሲመቸው ይሰፍራል። ዓርብ ከቀትር በኋላ የተያዘ ሰው እስከ ሰኞ ረፋድ ድረስ እንዳልተያዘ ይቈጠራል፤ በጳጉሜን የተያዘውም መስከረም እስኪጠባ በገዛ ፈቃዱ ጣቢያ እንዳደረ እንግዳ ይታያል። ለዚህ ሥራ በየጣቢያው አንድ ዓቃቤ ሰዓት ይሾማል፤ ማዕርጉ ጥንት ለሐይቅ እስጢፋኖስ አበው ይሰጥ የነበረ የከበረ ማዕርግ ስለ ሆነ፣ ተሿሚው የግድግዳውን ሰዓት ባትሪ ሲያወጣ በጨዋ ደንብ ያውጣ።

ስለ መንገድ ደግሞ ጥቂት መናገር ይገባናል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሰው በእግሩ ከ48 ሰዓት ባላነሰ ጉዞ ብቻ ከችሎት የሚደርስበትን ሩቅ አገር አስቦ ለዳኛው ጊዜ የማራዘም ሥልጣን ሰጥቶ ነበር፤ የ1987ቱም እስረኛውን ወደ ፍርድ ቤት ለማምጣት የሚጠይቀውን ተገቢ ጊዜ ከቊጥሩ ውጭ አድርጓል። ሁለቱም ያሰቡት ተራራና ወንዝ ይመስለናል፤ የዋሃን ነበሩ። ዛሬ ፍርድ ቤቱ ከጣቢያው አጥር ማዶ ሆኖ የችሎቱ አስተናጋጅ ስም ሲጠራ ከእስር ክፍሉ እየተሰማ፣ መኪናው ነዳጅ የለውም፣ ነዳጁ ሲገኝ ሾፌሩ ፈቃድ ላይ ነው፣ ሾፌሩ ሲመለስ አጃቢ ይጠፋል። ስለዚህ የመንገድ ርቀት ከእንግዲህ በክንድም በኪሎ ሜትርም ሳይሆን በአጃቢው ድካም ይለካል።

ከችሎት የደረሰ እንደ ሆነም አንቸኩልም። የ1954ቱ ሕግ በ59ኛው ቊጥሩ ጊዜ ቀጠሮ ለእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም ብሏል እንጂ መርማሪው ላለፉት 14 ቀናት ያቀረበውን ምክንያት ለሚቀጥሉት እንዳይደግመው አልከለከለም፤ ግብረ አበር አልተያዘም፣ የምስክር ቃል አልተሟላም፣ በዋስ ቢወጣ ማስረጃ ያጠፋል የሚሉት ሦስቱ ቃላት ስለ ጸኑ፣ መርማሪ ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይያዛቸው። ዳኛው ግን ከሕግ በቀር ጌታ የለኝም ብሎ ዋስትና የፈቀደ እንደ ሆነ፣ ትእዛዙ ይከበራል። ወረቀቱን በሁለት እጅ ይቀበሉታል፤ ማኅተሙ ይታያል፤ በገቢ መዝገብ ቊጥር ይሰጠዋል፤ ሰውየውም ዕቃውን ሸክፎ እስከ ውጭው በር ከተሸኘ በኋላ፣ በሌላ መዝገብ የሚፈለግ መሆኑ በትሕትና ይነገረዋል።

በማግስቱ እናቲቱ ስንቅ ይዛ ስትመጣ፣ እንደ ደንቡ ከዘበኛው ፊት ሽሮውን በእንጀራ ጠቅሳ ትቀምሳለች፤ ቀምሳ ከጨረሰችም በኋላ፣ ከዚያ በፊት ፈጽሞ አይደለም፣ «እናቴ፣ ልጅዎ እዚህ የለም፤ ሌላ ጣቢያ ይጠይቁ» ትባላለች። በየትኛው ጣቢያ እንደሚገኝ መናገር የምርመራን ምሥጢር ማባከን ስለ ሆነ ክልክል ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚያቀርብ ጠበቃ ቢነሣ፣ አካሉ እኛ ዘንድ እንደሌለ በጽሑፍ ይመለስለት፤ ይህ ምላሽ እውነት የሚሆንበት ጊዜም ስላለ ማንም ሐሰተኞች ሊለን አይችልም።

ይህ አዋጅ በተገዢው ሕዝብ ላይ የተጣለውን ጊዜ ሁሉ አይነካም። የይግባኝ ቀን፣ የግብር ቀን፣ የቅጣት ወለድ በቀድሞው ሰዓት ይቈጠራሉ። በተለይም በ1983 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቊጥር 3 መሠረት ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ ያሰበ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያስታውቅ የታዘዘውን በሚመለከት፣ ያ 48 ሰዓት በሰከንድ ይለካል፤ በ47 ሰዓት ከ59 ደቂቃ የደረሰ ማስታወቂያ እንዳልደረሰ ይቈጠራል። የሕጉ ቃል ማስፈቀድን አይጠይቅምና ፈቃድ አልከለከልንም፤ ወረቀቱ መድረሱን የሚፈርም ጸሐፊ ብቻ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊውም ከቢሮ የሚገባበት ሰዓት በአዲሱ አቈጣጠር ይታያል።