ውሃ ዳገት ይወጣ ዘንድ የወጣ የፌዝ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህም በደብዳቤ እስኪረጋገጥልህ ድረስ እንዳልሰማህ ቁጠረው!

በኅዳር 2014 ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ በሆነችው ቦንጋ አዲስ ሰፈር መቆርቆር አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ ሰፈሩ ውሃ እንደሚፈልግ በጥናትም በጥምም በመረጋገጡ፤ ከተማዋ ኮረብታ ላይ፣ ወንዞቿ ሸለቆ ውስጥ መሆናቸውን እስካሁን ያስተባበለ ቢሮ ባለመኖሩ፤ ይህ አዋጅ ታውጇል። የአዋጁ ቁጥር ከመዝገብ ቤት ሲመጣ ይገለጻል።

የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ዝናብ ይደነግጋል። ካፋ ላይ ዝናብ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማመልከቻና ያለ መሸኛ ሲወርድ ኖሯል። ዩኔስኮ በ2002 የካፋን ደን በባዮስፌርነት ሲመዘግብ እንኳ ዝናቡን ፈቃድ አልጠየቀውም። ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት ይዘንባል፤ በምሳ ሰዓት የጣለው እንደ ግል ጉዳይ ይቆጠራል።

ፌዙ ከእውነተኛው ሕግ ያን ያህል አይርቅም። በ1992 የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የውሃ ሥራ ለመገንባት፣ ውሃ ለማቅረብ፣ ያወጡትን ወይም ከሌላ የተቀበሉትን ውሃ ለማስተላለፍ ፈቃድ ይጠይቃል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖንና የውሃ ወፍጮን ግን ነጻ አድርጓቸዋል። እናም አንድ የቦንጋ አባወራ ጓሮው ውስጥ ዶማውን ይዞ ቢቆፍር የሚጠይቀው የለም፤ ቱቦ ገዝቶ ከወንዙ እስባለሁ ካለ ግን ፋይል ይከፈትለታል። የፌዝ አዋጁ ይህ ልዩነት ስላልተዋጠለት ዶማ ያለው ሁሉ “የዘርፉ ባለሀብት” ተብሎ እንዲመዘገብ አዟል።

የቱቦው ፈቃድ ማመልከቻ ከቀበሌ ይነሳል። ቀበሌው ወደ ማዘጋጃ ቤት ይመራዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ውሃው ከከተማው ወሰን ውጭ ነው ብሎ ወደ ወረዳ፣ ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ክልል። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ይያያዛል። የደን ባለሙያው ቱቦው በሚያልፍበት ጫካ ውስጥ የቡና ዛፍ ያያል፤ ካፋ ነውና አለማየት አይችልም።

ከዚያ ጎጀብ ይመጣል። ጎጀብ በካፋና በጅማ መካከል ወሰን ሆኖ ይወርዳል፣ ከኦሞ ጋር ይቀላቀላል፣ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙና ድንበር የሚሻገሩ ውሆችን አስተዳደር ለፌዴራል መንግሥት ስለሰጠ፣ ከጎጀብ ውሃ የሚፈልግ ሰው ፋይሉን አቅፎ አዲስ አበባ ይገባል። መንገዱ ራሱ ወንዙን በድልድይ ይሻገራል። የፌዝ አዋጁ ግን ባለጉዳዩ ሲሻገር ውሃውን እንዳያይ በጥብቅ ከልክሏል፤ ማየት የመስክ ምልከታ ነው፣ የመስክ ምልከታ ደግሞ አበል ያስከፍላል።

የጥንቱ የካፋ ንጉሥ፣ ታቶ፣ የሚመክረው ሚክሬቾ ከሚባሉት ሰባት አማካሪዎች ጋር ነበር። ሰባት ሰው ለአንድ መንግሥት በቅቷል። ለአንድ ቱቦ አይበቃም።

ፊርማው ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ካለ ግን ሐረርን ይጠይቅ። ሐረር ትጠጣበት የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደረቀ፤ ከተማዋም ዓይኗን ወደ ድሬዳዋ አቅጣጫ ጉድጓዶች አዞረች። የአዲስ አበባ የገፈርሳና የለገዳዲ ውሃም የሚጠራቀመው በኦሮሚያ መሬት ላይ ነው። ለዚችው ከተማ ውሃ የታሰበው የገርቢ ግድብ ዕቅድ ለዓመታት ወረቀት ላይ ሲቆይ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ ከመሬቱ ስለሚነሱት ገበሬዎች ነበር። ውሃ ከአንድ ቦታ ሲነሳ ትቶት የሚሄደው ሰው አለ፤ የፈቃድ ሕግ የተጻፈውም ለዚሁ ነው። ያው አዋጅ ቁጥር 197 ከየትኛውም አገልግሎት በፊት ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል።

የፌዝ አዋጁ ቅጽ ላይ ታዲያ ለቲተር፣ ለክብ ማህተምና ለ“አይቼዋለሁ” የሚሆን ሰፊ ቦታ ተትቷል፤ ምንጩ ዳር ጄሪካን ይዛ ተራ የምትጠብቀው ሴት የምትፈርምበት መስመር ግን የለም። አርቃቂዎቹ ጉድለቱ ሲነገራቸው ደንግጠው ወዲያው አርመዋል። ሴትየዋ “ባለድርሻ አካል” ተብላ ለአንድ ቀን ዐውደ ጥናት ትጠራለች፤ ስብሰባው የሚጀመረው ውሃ በምትቀዳበት ሰዓት ነው፤ በሻይ ዕረፍት የታሸገ ውሃ ይቀርብላታል።

የመሸጋገሪያ ድንጋጌ፦ የፈቃዱ ሂደት እስኪያልቅ ድረስ ለአዲሱ ሰፈር ውሃ በቦቴ ይቀርብለታል። ቦቴው ውሃውን ከየት እንደሚቀዳ በሌላ አዋጅ ይወሰናል። የቦኖው ምረቃ ግን አይዘገይም፤ ሪባኑ ተገዝቷልና።

ይህ አዋጅ ያጸደቁት ኃላፊ ከስብሰባ ከተመለሱበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ግልባጭ፦ ለቀበሌው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ለዞኑ፣ ለክልሉ፤ ለጎጀብ ወንዝ (ባለበት እንዲቆይ)።