የገመድ አልባው ጆይስቲክ ገመድ፦ ከእንጅባራና ከዳንግላ የተገኘ ጥናታዊ ማስታወሻ

የጆይስቲክ ጥናት በአገራችን ገና ወጣት የእውቀት ዘርፍ ነው። ሊቃውንቱም ወጣቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ስምንተኛ ክፍልን አልጨረሱም፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ጆይስቲኩን በያዙበት ሰዓት ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ መገኘት የነበረባቸው ናቸው። የሆነው ሆኖ ያካበቱት እውቀት የሚናቅ አይደለም። ይህ ማስታወሻ የተዘጋጀው በእንጅባራና በዳንግላ ፕሌይስቴሽን ቤቶች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ተረኛ መስሎ፣ «ጋሼ፣ ካልተጫወቱ ቦታውን ይልቀቁ» እስኪባል በመቆየት ነው። የሚያነሣው ጥያቄም አንድ ብቻ ነው፦ ገመድ አልባ ተብሎ የተሸጠው ጆይስቲክ ለምን ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሮ ይገኛል?

ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። የጆይስቲኩን ቅርጽ የነደፈው ቴዩ ጎቶ በቁልፎቹ ላይ ያሳረፋቸው ምልክቶች እንዲሁ የመጡ አይደሉም፤ ሦስት ማዕዘኑ የእይታ አቅጣጫ፣ አራት ማዕዘኑ ወረቀት፣ ክቡ «አዎ»፣ ኤክሱ «አይደለም» ነበሩ። እነዚህ ፍልስፍናዎች ዳንግላ ሲደርሱ ቀለል ብለዋል። ኤክስ ፓስ ነው፤ አራት ማዕዘን እንደ ሃይማኖት ይለያያል። ፔስ በተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ያደገ ሰው አራት ማዕዘን ሲጫን ጎል ይመታል፤ በተቀናቃኙ ፊፋ ላይ ያው ቁልፍ ኳሷን ያሻማታል። ከባዶ ጎል ፊት ቆሞ ወደ ማዕዘን መምቻው የሚያሻማ ጎልማሳ ያየ አንባቢ አይፍረድበት፤ አስተዳደጉ ነው።

እስከ ፕሌይስቴሽን 2 ድረስ ጆይስቲኩ ከነገመዱ ነበር የሚመጣው፤ የፕሌይስቴሽን 2ቱ ርዝመት ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ ገመዱ ተቆረጠና በብሉቱዝ ተተካ፤ ተጫዋቹ ከቴሌቪዥኑ አሥር ሜትር ያህል ርቆ ሶፋው ላይ ተንጋሎ መጫወት ቻለ። እዚህ ላይ አጥኚው የቤት ኪራይን ማገናዘብ ይኖርበታል። ያየኋቸው ቤቶች ከበር እስከ ቴሌቪዥን አራት እርምጃ ቢሆኑ ነው፤ በዚያ መካከል ሁለት ተጫዋች፣ አራት ተረኛ፣ ሦስት አማካሪና አንድ እኔ አለን። የአሮጌው ገመድ ርዝመት ራሱ ለቤቱ ይበዛ ነበር። አሥር ሜትር ርቆ ልጫወት የሚል ደንበኛ አስፋልቱን ተሻግሮ ባጃጅ ተራ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

ስለ ምቾት የጃፓን መሐንዲሶች ብዙ ደክመዋል። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ክብደቱ 210 ግራም፣ የፕሌይስቴሽን 5ቱ ደግሞ 280 ግራም ገደማ ነው፤ መያዣው ለመዳፍ እንዲስማማ ተጠንቶ የተሠራ ነው። ወንበሩን ግን ማንም አላጠናም። በእንጅባራ ይህ ክፍተት የተሞላው በአካባቢው ሀብት፣ በቀርከሃ ነው። እንጅባራና ዳንግላ ያሉበት አዊ በቀርከሃው የታወቀ አገር እንደመሆኑ አግዳሚው ከዚያ መሠራቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛው ጨዋታ ሳያልቅ ቀርከሃው ወገብን ስለሚያስታውስ፣ መዳፍ የተሰማውን ምቾት ሌላው አካል አይመሰክርለትም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች በክረምት ጣት ይደነዝዛል። ለዚህ የጆይስቲኩ መንዘር ፍቱን መድኃኒት ነው፤ ጎል ሲቆጠርብዎ እጅዎ ይሞቃል።

አሁን ወደ ገመዱ። የቤት ባለቤቶች ጆይስቲኩን በቻርጀር ገመድ የሚያስሩበት ምክንያት፣ ስጠይቃቸው እንደነገሩኝ፣ አንደኛ ባትሪው ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ 1,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ይህም ከተራ ስማርት ስልክ ባትሪ ያነሰ ነው። አዲስ ሳለ ለሰዓታት ይሠራል፤ መርካቶን፣ ከዚያም የሁለት ቤት ባለቤቶችን አልፎ እንጅባራ የደረሰው ግን ከገመዱ ሲለይ የመጀመሪያውን አጋማሽ አይጨርስም። ሁለተኛው ምክንያት ገመድ ያለው ዕቃ እግር አለማውጣቱ ነው። ሦስተኛውን የነገረኝ የለም፤ እኔ ነኝ ያስተዋልኩት፦ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል የገባበት ተጫዋች ጆይስቲኩን ሲወረውር፣ ገመዱ ውርወራውን ያሳጥረዋል።

በነገራችን ላይ፣ የአዊ ሕዝብ ስለ መቆጣጠሪያ ገመድ ከሶኒ ትምህርት የሚሻ አይደለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ ላይ ይሰበሰባል፣ ጉግሱም ይደምቃል። ልጓም ባለገመድ መቆጣጠሪያ ነው፤ ጎበዝ ፈረሰኛ ግን ልጓሙን አላልቶ በጉልበቱና በድምፁ ይነዳል፤ ይህም ብሉቱዝ ከመሠራቱ በፊት የነበረ ገመድ አልባ ዘዴ ነው። ኃይሉ ገብስ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ጨዋታው አይቋረጥም። ልዩነቱ ክብር ላይ ነው፤ የተቀደመ ፈረሰኛ «ፈረሱ ነው» ሲል ሽማግሌዎች ያዝኑበታል፤ የተሸነፈ ተጫዋች «ጆይስቲኩ ነው» ሲል ግን ቤቱ ሙሉ ምስክር አለው።

ይህ ምስክርነት ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ተጫዋቹን የሚያስሮጠው የጆይስቲኩ ዘንግ፣ አናሎጉ፣ ሲያረጅ ጣት ሳይነካው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ ድሪፍት የሚሉት ነው። ተከላካይዎ ኳሱን ትቶ ወደ ደጋፊዎች ሲጓዝ ካዩ እሱ ነው። ችግሩ፣ የሚያሸንፈው ልጅ በዚያው ጆይስቲክ ሲጫወት ድሪፍቱ መጥፋቱ ነው። ጉዳዩን ለማጣራት በዕረፍት ሰዓት ጆይስቲክ መቀያየር የተለመደ ነው፤ ተሸናፊው ሁለተኛ ጊዜ ከተሸነፈ ጥፋተኛው ቴሌቪዥኑ ይሆናል፣ ያም ካልሆነ የሚቀጥለው ተረኛ ትንፋሽ።

ስለ መብራት በአጭሩ፦ ወደ ሕዳሴ ግድብ የሚያደርሰው አንዱ መንገድ ከእንጅባራ ተገንጥሎ በቻግኒ በኩል ይሄዳል። መብራቱም አንዳንዴ በዚያው ይሄዳል። ያን ጊዜ ባትሪ ያለው ጆይስቲክ ብቻውን ጤነኛ ሆኖ ይቀራል፤ የሚያዘው ግን የለውም። ጨዋታው ሁለት ለዜሮ ላይ ተቋርጦ እንደሆነ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ያለው ሕግ ከቤት ቤት ይለያያል፤ በየትኛውም ቤት ግን መሪው «አልቋል»፣ ተመሪው «ገና ነው» ማለቱ አንድ ነው።

ታዲያ ገመድ አልባነት ምንም አይጠቅምም? ይጠቅማል። እውነተኛ ዋጋው የታየው ግን ፕሌይስቴሽን ቤት ሳይሆን መኖሪያ ቤት ነው፤ ውጭ አገር ያለ አጎት አንድ ፕሌይስቴሽን በላከበት ቤት። ታናሽ ወንድም «እኔም!» እያለ ሲያለቅስ ያልበራ ጆይስቲክ ይሰጠዋል። በባለገመዱ ዘመን ይህ ተንኮል ዕድሜ አልነበረውም፤ ሕፃኑ ገመዱን በጣቱ ተከትሎ ሄዶ ጫፉ የትም እንዳልተሰካ ይደርስበትና ለእናቱ ይከስሳል። ገመድ አልባው ግን ማስረጃ አይተውም። ሕፃኑ ያልነዳው ተጫዋች ጎል ሲያገባ ዘሎ ይጨፍራል፤ ቤቱም ሰላም ይውላል። በእኔ ሚዛን፣ ብሉቱዝ ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ካደረገው ውለታ ይህን የሚያክል የለም።

ስለዚህ ከውጭ አገር ጆይስቲክ ለምትልኩ አጎቶችና አክስቶች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ለብቻው ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ገመድ የለውም። ገመዱን ለይታችሁ ግዙልን፤ ረጅም ባይሆንም ግድ የለም፣ ቤቱን ታውቁታላችሁ።