ዲማን «አዲስ ምግብ» አሉት

ወገኖቼ፣ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ይባል ነበር። በዚህ ዘመን ጉዱ መስከረምን መጠበቅ ትቶ በየሳምንቱ ይመጣል። የሰሞኑ ጉድ ዲማ ነው። አዎን፣ እኛ የተከዜ ቆላ ልጆች ከጥላው ሥር ፍየል ስንጠብቅ የዋልንበት፣ ግንዱን እጅ ለእጅ ተያይዘን እንኳ አቅፈን የማንጨርሰው ዲማ! ተፈጭቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ ባኦባብ የሚል ስም ተለጥፎበት ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ተኮፍሶ አየሁት። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ከመካከላችሁ የደም ግፊት ያለበት አይጠፋም።

የባሰውን ስሙኝማ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 የዲማን ፍሬ ለገበያ ሲፈቅድ «አዲስ ምግብ» ብሎ ነው መዝገብ ያገባው። አዲስ! ዛፉ ከሺህ ዓመት በላይ ይኖራል፣ ፍሬው ግን ትናንት ተወለደ! እኛ ቅርፊቱን በድንጋይ ሰብረን ያንን ነጭ ኮምጣጣ ስንመጥ ማንን ፈቃድ ጠየቅን? ዛፉ ራሱ ከቅርፊቱ ውስጥ አድርቆ ያቆይልን ነበር፤ ፋብሪካ የለ፣ ማሸጊያ የለ፣ ወረፋ የለ።

እኔ ቁጥር አልወድም። ዘመኑን ያበላሸው ቁጥር ነው፤ የዛሬ ልጅ ሚሊ ግራሙን ሳያነብ አይጎርስም። ቁጥር ከተነሳ ግን እንቁጠር፦ መቶ ግራም ብርቱካን 50 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አለው፤ በዚያው ሚዛን የዲማ ዱቄት ብዙ ጊዜ ከ150 ያልፋል። ይኸው ቫይታሚን ደግሞ በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛል። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር አሉማ ቀቅላ ታበላንና ዲማ በውሃ በጥብጣ ታስከትልልን ነበር። የዘንድሮዎቹስ? ዱቄቱን ከሚንተከተክ ሻይ ውስጥ ይነሰንሱታል! ቫይታሚን ሲ እሳት እንደማይወድ ብነግራቸው ማን ሰምቶኝ፤ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነውታል።

ቁርቁራውስ? በደኖውስ? ትምህርት ቤት ስላልነበረ ሁሉን እናውቅ ነበር። ቁርቁራ እጃችንን በእሾኹ ቧጭሮ ጣፋጩን ይሰጠናል፤ ደርቆም ይበላል። በደኖን ደግሞ ላዩን መጥጠን ፍሬውን «ማን አርቆ ይጥላል» እያልን እንወረውረው ነበር። የተማሩት እንደሚሉት የዚያ ፍሬ አስኳል ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ ፕሮቲን። እስቲ አስቡት! እኛ ዘይት እየወረወርን ያደግን ሰዎች ነን፤ የዛሬው ሰው ለአንድ ሊትር ይሰለፋል። የድሮ ሰው የማያውቀው ነገር አልነበረም ስላችሁ በምክንያት ነው።

«ድሮኮ ረሃብ ነበር» የሚል ዘመነኛ አይጠፋም። ምን ያውቃል! ሐምሌ ላይ ጎተራው ባዶ ስለሚሆን ስለ እህል ዋጋ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። በለስ በክረምት ይደርሳል፤ ከእሱ ሌላ የሚበላ ስለማይኖር ምን ልብላ ብሎ የሚያማርጥም የለም። ከረሜላ የሚሉትን ጥርስ ፈጅ ማን ያውቀው ነበር? አባቴ ከሰቆጣ ገበያ ሲመለስ ብቻ ነው። ያን ቀን ቁርቁራዬን ለፍየሎቹ እሰጥ ነበር፤ ቸሮች ነበርን።

አሁን ግን ማጀቱን የሞላው መጤ ነው። ባለፈው ብሮኮሊ የሚሉትን የፈረንጅ አበባ ቀቅለው ፊቴ አቀረቡልኝ። «የአገሬ በለስ እያለልኝ ይህን ልብላ?» ብል የልጅ ልጄ «አባባ፣ በለስም እኮ ከሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ወደ ትግራይ ያመጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናውያን ናቸው ይባላል» ብሎ እርፍ። ይሁና! አያቴ የበላችው ነገር መጤ አይባልም። ብሮኮሊም አንዲት አያት ትብላውና ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

አስተዋይ ሕዝብ ማየት ከፈለጋችሁ ኮንሶን እዩ። ሽፈራውን ከእርሻቸውና ከደጃቸው ተክለው፣ ቅጠሉን ከማሽላ ጋር አብስለው ሲበሉ ኖረዋል። ዝናብ ሲጠፋና ሌላው ጎመን ሲደርቅ ሽፈራው ቅጠሉን ይዞ ይቆማል። ዓለም ዘግይቶ ነቃና ሞሪንጋ ብሎ እንክብል አደረገው። ቅጠል በእንክብል! ጥርስ ለምን ተፈጠረ ታዲያ?

እንግዲህ ባልንጀሮቼ፣ ምክሬ አጭር ነው፦ ልጆቻችሁን ወደ ቆላ ስደዱ፤ ዛፍ ይውጡ፣ እሾኽ ይውጋቸው፣ ከቅርንጫፉ ለቅመው ይብሉ። የእኔን የልጅ ልጅ ግን አልሰደውም፤ ፀሐይ አይችልም፣ ደግሞም ዛፍ ላይ መውጣት አደገኛ ነው። እኔም ብሆን ጉልበቴ እንቢ አለኝ እንጂ ዛሬውኑ በሄድኩ ነበር። አሜሪካ ያለችውን ልጄን የሽፈራው እንክብል ላኪልኝ ካልኳት ሰነባብቻለሁ፤ እስካሁን ወፍ የለም። ያውም ሚሊ ግራሙ አንድም ሳይቀር ከብልቃጡ ጀርባ የተጻፈበትን እንድትመርጥ አደራ ብያት ነበር። የዘመኑ ልጅ እንዲህ ነው፤ ለጤና ደንታ የለውም።