ሦስት ፖስታና አንድ ሳፋ

የአዲስ አበባ ሰው ፐርሰንት የተማረው በቤት ነው። አስር ዘጠና አለ፣ ሃያ ሰማንያ አለ፣ አርባ ስልሳ አለ። የሰሚት ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ገና ስም ሳይጠያየቁ "ሃያ ሰማንያ ነህ አርባ ስልሳ?" ይባባላሉ። በ2005ቱ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ በሃያ ሰማንያ ለስቱዲዮ በወር 151 ብር፣ ለባለ አንድ መኝታ 274 ብር ነበር የሚቆጠበው። ዛሬ 151 ብር ይዞ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ማኪያቶ የጠጣ ሰው፣ ሲወጣ አስተናጋጇን ላለማየት ስልክ የሚያወራ መምሰል አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይ ባለቤቴ አዲስ ፐርሰንት አመጣችብኝ፤ ሃምሳ፣ ሠላሳ፣ ሃያ። ስልኳ ላይ አንዲት ልጅ ስታስረዳ ሰምታ ነው። የገቢህ ግማሽ ለግድ ነገር ይሆናል፣ ሠላሳው ለምትወደው ነገር፣ ሃያው ለቁጠባ።

"ነፍሴ ሠላሳ ፐርሰንት ካገኘች እኮ ትሰክራለች" አልኳት።

"ትስከር" አለችኝ።

ቀመሩ የልጅቷ አይደለም። ኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር የሆኑት የሕግ ፕሮፌሰር ኤልዛቤት ዋረን ከልጃቸው ከአሚሊያ ጋር በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስተዋወቁት ነው። የእነሱም 2005 ነው፣ የእኛም 2005 ነው፤ በመሀሉ ሰባት ስምንት ዓመት አለ እንጂ። ዋረን ያኔ ያስተምሩበት የነበረው ሃርቫርድ ደግሞ ከቦስተን ወንዝ ማዶ ነው። ከዚያው ከቦስተን፣ የውበት ሳሎን የነበራቸው አቶ ታዲዮስ ጌታቸው በለጠ አገራቸው ተመልሰው ቦሌ መንገድ ላይ ቦስተን ዴይ ስፓን ከፈቱ፣ ቢሾፍቱም ላይ ኩሪፍቱ ሪዞርትን አቆሙ። ዛሬ ቦሌ ላይ ሞሮኮ ባዝ፣ ስቲምና ማሳጅ የሚል ሰሌዳ ሳያዩ አንድ ሕንፃ ማለፍ ይቸግራል። ሠላሳውን ፐርሰንት የሚፈቅደው ቀመርም፣ ሠላሳው ፐርሰንት የሚጠፋበት ቦታም ከአንድ ሰፈር መጡልን ማለት ነው። ደሞዙ ብቻ እዚያው ቀርቷል።

ባለቤቴ ሦስት ፖስታ ገዛች። በአንዱ ላይ "ቤት"፣ በሁለተኛው "ቁጠባ"፣ በሦስተኛው "ራስ" ብላ ጻፈች። የባንኩ ብድር፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ ጤፍና ትራንስፖርት ከተነሱ በኋላ የቀረው ነው የሚከፋፈለው፤ ስለዚህ ፖስታዎቹ ሲጀመርም አልወፈሩም። ቢሆንም ኮሞዲኖው ላይ ተደርድረው ሲታዩ ቤታችን አስተዳደር ያለው መሰለ። እኔ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፤ በውስጤ ተገርሜ ነበር።

እኛ የ1997 ተመዝጋቢዎች ነን፤ ዕጣው ሰሚት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጣለን። ከላያችን ያለችው ተከራይ ቦሌ አንድ ቢሮ የምትሠራ ጨዋ ልጅ ናት። ቅዳሜ ማታ ራሷን ትጠብቃለች። ለስፓ ከመክፈል ዕቃውን ገዝታ እቤቷ ነው የምትሠራው፤ የሞሮኮ ሳሙና፣ ሻካራ ጓንት፣ የቡና አተላ ከስኳርና ከዘይት ጋር ተለውሶ። እሷ ዘንድ ቁጠባና ራስን መጠበቅ ታርቀዋል። የተጣሉት የእኔ ኮርኒስ ላይ ነው።

መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤታችን ኮርኒስ ጥግ ላይ ዳሩ ቢጫ የሆነ ክብ ወጣ። ክቡ ሰፋ። ከዚያ አበጠና መሀሉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች፤ ረዘመች፣ ቀጠነች፣ ወረደች። ስንት ዓመት ከደሞዜ ጠብ የሚል ነገር ስጠብቅ ኖሬ ጠብ ያለልኝ ይኸው ነው። ባለቤቴ ሰማያዊውን ሳፋ አመጣች። እውነቱን ለመናገር ውሃው ሽታው አያስከፋም፤ ቅዳሜ ማታ ቤታችን ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ፣ ትንሽም ቡና ቡና ይላል። ደግሞም ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ጠብታውም በፈረቃ ነው። የለገዳዲ ግድብ ከፒያሳ ሰው ይልቅ ለእኛ ይቀርበናል፤ በውሃ ጉዳይ ግን ቅርበት ዝምድና አይቆጠርም። ውሃ በሌለበት ሳምንት ኮርኒሱ ይደርቅና "ተሻለው" እንላለን። ከዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው እያጓራ አየር ይተፋል፣ ላይኛው ቤት ሳይዘጋ ያደረ ቧንቧ መፍሰስ ይጀምራል፣ ሳፋው ይሞላል።

ቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ቧንቧ ሠራተኛ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ኮርኒሱን አይደለም፤ የባለቤቱን ጫማ ነው። የእጅ ዋጋ የሚቆረጠው እዚያ ላይ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ አደጋ ነው፤ ምክንያቱም የእኔ ስፓ ሊስትሮ ነው። ዓርብ ከሥራ ስወጣ መገናኛ አንድ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ሳጥኑ ላይ ሰቅዬ፣ ልጁ በብሩሹ ሳጥኑን ኳ አድርጎ "ቀይር" ሲለኝ እግር ከመቀየር በቀር በዓለም ላይ ምንም ኃላፊነት የለብኝም። ግን ያ ጫማ በማግሥቱ ቤት ውስጥ ከታየ ሲፎን መቀየር የሺህ ብር ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ ባለሙያ ሲመጣ በነጠላ ጫማ ነው የምቀበለው። ባለቤቴም የጆሮ ጌጧን ታወልቃለች።

"ጋሼ፣ ይሄ እዚህ የሚንጠባጠበው እዚህ የሚያፈስ አይምሰልዎ" አለኝ ሰውየው፣ መጥረጊያ እንጨት አንስቶ ኮርኒሱን እየጎሰመ። "ወለሉ ውስጡ ክፍት ብሎኬት ነው። ውሃው አንዴ ከገባ እንደ ልቡ ይዞራል።"

ልክ ነው። በ1996 ግድም ከጀርመኖቹ ጂቲዜድ ጋር ገርጂ ላይ የተሞከረው ወጪ ቆጣቢ አሠራር ነው፤ አርማታው እንዲቀንስ በተገጣጣሚ ቢሞች መሀል ክፍት ብሎኬት ይደረደራል። ለዚያ ዘመን ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ባይኖር እኔም ዛሬ ተከራይ ነበርኩ። ብቻ ያኔ የተቆጠበው አሁን በጠብታ በጠብታ ከእኔ ኪስ እየተመለሰ ነው።

ሰውየው ሲፎን፣ ጎሚኒ፣ ሲሊኮንና ቴፍሎን ሊገዛ ብር ተቀብሎ ሄደ። ከሱቁ ደወለልኝ፤ "ጋሼ፣ በደረሰኝ ይሁን ያለ ደረሰኝ?" አስራ አምስት ፐርሰንት ቫት! ይኸም ሌላ ፐርሰንት። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ "ያለ ደረሰኝ" ማለት ከበደኝና "በደረሰኝ" አልኩ። "ራስ" የሚለው ፖስታ ያን ቀን ሞተ።

ለጊዜው ጋብ አለና ቅዳሜ ተመለሰ። ከላይ ሴራሚኩ ተነስቶ ወለሉ ካልታከመ ከታች የሚደረገው ሁሉ ማባበል ነው ተባልኩ። ስለዚህ ወደ ላይ ወጣሁ።

"ወንድምዬ፣ በጣም ይቅርታ" አለች ልጅቷ ከልቧ። "ግን እኔ ተከራይ ነኝ። ሴራሚክ ማስነሳት ውሌ ላይ የለም።" የውሏን ቅጂ አመጣች፤ ባለፈው በወጣው የኪራይ አዋጅ፣ በ1320/2016 መሠረት፣ ለሁለት ዓመት የተፈረመ። ሰው ውሉን በፕላስቲክ አስጠርዞ በር ላይ ሲያሳይ ያየሁት እሷን ብቻ ነው።

አከራዩ ያለው ቨርጂኒያ ነው። እሱ ከሥራ ሲወጣ እኛ የመጀመሪያውን እንቅልፍ ጨርሰናል። በቪዲዮ ስልኩን ወደ ኮርኒሱ አንስቼ እንዲያይ ያዝኩለት፤ ጠብታዋ እንደ ክፉ ልጅ ሰው ፊት ስትሆን ጨዋ ሆነች። "የታለ?" ይለኛል። "ጠብቅ፣ አሁን ትወርዳለች" እለዋለሁ። እጄ እስኪዝል አብረን ጠበቅናት። በመጨረሻ ስትወርድ "ውይ፣ ይቺ ናት?" አለ። ዋጋውን ነገርኩት፤ 18,000 ብር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ቢሆን፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም በነበረበት ጊዜ፣ ትንሽ ያስብ ነበር። አሁን ግን በአፉ አካፍሎ ሳቀ። "ይሄማ ምንም አይደል ወንድሜ! እዚህ እኮ ፕለምበር በር ሲያንኳኳ ነው ሒሳብ የሚጀምረው።" ምንም አይደል ያለው ብር እስካሁን ምንም አልሆነም።

ወደ ማኅበራችን ኮሚቴ ሄድኩ። በጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ በ370/1995፣ ከየቤቱ ውጪ ያለው የሕንፃው ክፍል የጋራ ነው። ጥያቄው እንግዲህ የልጅቷ ወለል አልቆ የእኔ ጣሪያ እስኪጀምር ባለው ጭለማ ውስጥ የሚንሸራሸረው ውሃ የማን ነው የሚል ነው። አንዱ የኮሚቴ አባል "የጋራ ነው" አለ፤ ያው እሱ ምድር ቤት ነው የሚኖረው። ሌላው "የግል ነው" አለ፤ እሱ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ሊቀ መንበሩ ግን ካዝናው ለቀለም እንደተያዘ አስረዱን። ኮሪደር ልማቱ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ሲዘረጋ በመንገዱ ዳር ያሉት ሕንፃዎች ግራጫ ተቀብተው ማታ ማታ በመብራት ማጌጥ ጀመሩ። የእኛ ሕንፃ ከዋናው መንገድ አይታይም። "ቢሆንም" አሉ ሊቀ መንበሩ፣ "ሕንፃም ራሱን መጠበቅ አለበት።"

ራስን መጠበቅ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢያጋጥመኝ በበኩሌ አልስማማም። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በዚያው ሰበብ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው ሙቁን ውሃ ወደዱት፤ አጠገቡ ቤት ተሠራ፤ መኳንንቱም ተከትለው ሰፈሩ። ገላቸውን ሊታጠቡ በወረዱ ሰዎች የተመሠረተች ዋና ከተማ ናት እንግዲህ። ቤት መሥራትና ገላ መታጠብ በአንድ በጀት ሲሸፈን የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ የእቴጌይቱን በጅሮንድ ባገኝ ሦስተኛ ፖስታ እንደነበራቸው እጠይቃለሁ። እናቴም ብትሆን ስፓ የሚባል ነገር ሳትሰማ፣ ሰንበት ሲመጣ አናቷን ለጋ ቅቤ ትቀባ ነበር። አሁን ቅቤ በኪሎ ከሺህ ብር አልፏል፤ አናት ላይ የሚያስቀምጠው ሰው ካለ ዘበኛ ያስፈልገዋል።

ወደ ፖስታዎቹ ልመለስ። "ቤት" ከ"ራስ" ተበደረ። "ራስ" ሲያልቅ "ቤት" ከ"ቁጠባ" ተበደረ። ባለቤቴ ሥርዓት ስለምትወድ በየፖስታው ውስጥ የብድሩን ልክ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈች ታስቀምጣለች፤ አሁን ፖስታዎቹ ወፍራም ናቸው፣ ግን ወረቀት ነው። በሒሳብ ደንብ ካየነው ቤቴ የራሴ ባለዕዳ ነው፤ መክሰስ አልችልም እንጂ። ወሩ መጨረሻ ላይ የቴሌብር ብድር "እንደኪሴ" ይደርስልናል። እንደ ኪሴማ ቢሆን ምንም አይሰጠኝም ነበር።

ጸጉሯን ለመሠራት የያዘችው ብር ለሲሊኮን የሄደባት ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ላይ ወጣች። ለጠብ የሄደች መስሎኝ ደረጃው ላይ ጆሮዬን ጣልኩ። ሳቅ ሰማሁ። ከሰዓት በላይ ቆየች። እኔ ሳፋውን ደፋሁ፣ መለስኩ፣ እንደገና ደፋሁ፤ የዚያን ቀን ጠብታው በዛ፣ ሽታውም በረታ። ስትመለስ ፊቷ ያበራል፣ ክንዷ ልስልስ ብሏል።

"ልጅቷ እንዴት ያለች ሰው ናት! በቡና አሸችኝ፣ አጠበችኝ። ሳንቲም አልከፈልኩም። አየህ? ቁጠባም ራስን መጠበቅም በአንዴ።"

"አይቻለሁ" አልኳት። ገና የደፋሁት ውሃ የሷ እንደነበር ሳልነግራት አለፍኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሴቶች ላይ ራሳቸውን ይጠብቃሉ፤ እኔ ታች ሳፋ እጠብቃለሁ።

በመጨረሻ የያዘልን እቁብ ነው። ፖስታን ማታለል ይቻላል፤ የሕንፃችንን የእቁብ ዳኛ፣ ምድር ቤት ሱቅ ያላቸውን እትዬን ግን አይቻልም። እሁድ ከሰዓት ሱቃቸው በር ላይ ዱካ ስበው ይቀመጡና "አንተ ልጅ፣ ሰው አንተን እየጠበቀ ነው" ብለው ከአምስቱም ፎቅ በሚሰማ ድምፅ ይጠሩኛል። ሃርቫርድ ይህን ዘዴ አያውቅም፤ ለቁጠባ ከፐርሰንት ይልቅ እፍረት ይሻላል። ቧንቧ ሠራተኛውም አባል ነው። ከእኛ ሕንፃ ስለማይጠፋ ጎረቤት ሆኗል፤ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ የእቁቡ ጸሐፊ ሳይሆን አይቀርም እየተባለ ነው።

ባለፈው እሁድ ዕጣው ለእኛ ወጣ። እልልታውን ተቀብለን፣ ብሩን ባለቤቴ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ደረጃ መውጣት ጀመርን። አንደኛ ፎቅ ላይ "ኩሪፍቱ አንድ አዳር" አለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ "ባንክ ይግባና ይደር" አልኩ። ስንጨቃጨቅ ከታች ኮቴ ሰማን። ቧንቧ ሠራተኛው ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ደረሰብን፤ ሰንበት ነውና ቤተ ክርስቲያን ስመን ስንመለስ ሊስትሮ ዘንድ ቁጭ ብዬ ያስወለወልኩትን ጫማዬን ከላይ እስከ ታች አየው።

"እንኳን ደስ ያላችሁ ጋሼ! ሴራሚኩን ነገ ላምጣው ወይስ ማክሰኞ?"